ጨዋታና ዋጋው በሦስት ትውልድ

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ከምሥራቅ ጎጃም ከሞጣ ተነሥቶ ወደ አንዳቤት የሚወርድ መንገደኛ ዓባይን የሚያገኘው በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚያም ሥፍራ በድንጋይና በኖራ የተገነባ የጥንት ድልድይ አለ። ሥራው በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት፤ ማለት በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ባለው ጊዜ እንደ ተፈጸመ ይነገርለታል። አሞሌ የጫነ አህያ፤ ከረጢት የጫነ በቅሎ፤ ጠገራ ብር በመቀነቱ የቋጠረ ሲራራ ነጋዴ ዓባይን ሲሻገር የኖረው እንደዚህ ባለ ድልድይ፤ ድልድይ በሌለበትም በመልካ ነው። የሚሻገረውም ዕቃ ሁሉ ዋጋ የተቈረጠለት፤ በኬላም ቀረጥ የሚጠየቅበት ነበረ።

ዋጋ ሳይጠየቅበት፤ ቀረጥም ሳይከፈልበት የሚሻገር አንድ ነገር ቢኖር ጨዋታ ነበረ። ገበጣ የሚያውቅ ሰው ከጎጃም ወደ በጌምድር ሲያልፍ ገበጣውን የሚጭንበት አህያ አያስፈልገውም፤ ጕድጓዱ ከመሬት፤ ጠጠሩ ከወንዝ ዳር ይገኛልና። ዛሬ ግን ጨዋታ ራሱ ትልቅ ሸቀጥ ሁኗል። ሠሪ፤ ሻጭ፤ አከራይ፤ ማስታወቂያ ነጋሪና ዳኛ አለው። በእጅ ስልክ ውስጥ ሁኖ ድልድይ ሳያስፈልገው ባሕር አቋርጦ ይመጣል፤ ዋጋውንም ይዞ ይመጣል።

በየቤቱ አባትና ልጅ ስለ ጨዋታ ሲከራከሩ ይሰማል። አባት፤ «ይህ ልጅ ዐይኑን ከስልክ ላይ አያነሣም» ይላል። ልጅም፤ «አባባ፤ እርስዎስ በልጅነትዎ ፕሌስቴሽን ቤት ሲውሉ አያቴ በዱላ ያስወጡዎት አልነበረምን?» ብሎ ይመልሳል። አያትም ካሉ ሁለቱንም ሰምተው ስለ ገበጣና ስለ ገና ያወራሉ። እንዲህ ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ ሳያልቅ የሚቀርበት ምክንያት ሦስቱም ስለ ጨዋታው ሲናገሩ ከጨዋታው በስተ ኋላ ስለ ቆመው ንግድ ሳያነሡ ስለሚቀሩ ነው። የመጫወት ፍላጎት በሦስቱም ትውልድ አንድ ነው። የተለወጠው የዋጋው ሕግ ነው። በአያቶች ዘመን ማንም ለማንም አይከፍልም ነበር። በአባቶች ዘመን የተሸነፈ ይከፍል ጀመር። በልጆች ዘመን ደግሞ የከፈለ ያሸንፋል። የዛሬው ንግግሬ ይህን ለውጥ በታሪክ ተራ ለማስረዳት የታሰበ ነው። ዓ.ም. ተብሎ የሚነገረው ዓመት በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የቀረውን ግን ከውጭ አገር ታሪክ ጋር እንዲገጥም በአውሮጳ አቆጣጠር እናገራለሁ።

በመጀመሪያ የአያቶችን ዘመን እንመልከት። ገበጣ በአንዳንዱ አገር በሁለት ረድፍ፤ በአንዳንዱም በሦስት ረድፍ በተቈፈሩ ጕድጓዶች ይጫወቱታል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጕድጓድ ያለውን ጠጠር አፍሶ አንድ አንድ እያለ በየጕድጓዱ ያድላል፤ ተራው ሲያበቃም ለባላጋራው ይለቃል። ደንቡ ከአገር አገር፤ አንዳንድ ጊዜም ከመንደር መንደር ይለያያል። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ የጻፈው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣ ባወጣው ጽሑፍ የጨዋታውን ልዩ ልዩ ዐይነት ከየአገሩ ሰብስቦ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው የጨዋታው ደንብ ባለቤት ስላልነበረው ነው። የቢቸና እረኛ ደንቡን ለመለወጥ ቢፈልግ የሚያስፈቅደው ከፊቱ የተቀመጠውን ጓደኛውን ብቻ ነው።

መኳንንቱም የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው። ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥትና በታላላቅ ሰዎች አደባባይ የታወቀ ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ያየውን የሰንጠረዥ ጨዋታ ጽፎ አስቀርቷል፤ ከእርሱም በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ደንቡን ዘርዝሮ ጽፏል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው አገር የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም በጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንድነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ገናና ጉግስም የአደባባይ ጨዋታዎች ነበሩ። በገና ዕለት ጌታው በአሽከሩ ዱላ ቢነካ እንዳይቆጣ ልማድ ያስገድደው ነበር።

ይሁን እንጂ የአያቶች ጨዋታ ዋጋ አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። ዋጋው በገንዘብ አይከፈልም እንጂ በአጥንት ይከፈል ነበር። በገና ሜዳ ቅልጥሙ የተሰበረ፤ በጉግስ ከፈረስ ወድቆ የተጎዳ ጥቂት አይደለም። ደግሞም የአደባባዩ ጨዋታ የወንዶች ነበረና ሴቶች ልጆች ከዳር ቆመው ከማየት በቀር ድርሻ አልነበራቸውም። እንግዲህ ያለፈውን ስናመሰግን ይህንንም አብረን ማስታወስ ይገባናል።

በዚያው ዘመን ንግዱ እንዴት ነበረ? በጎጃም ገበያዎች ዘንድ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የመገበያያ ገንዘብ ሁነው ኖረዋል። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ ብዙ አገር አቋርጦ ስለሚመጣ፤ ከመነሻው በራቀ ቍጥር ዋጋው ይወደድ ነበር። ጠገራውም ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት ሲሆን፤ ተቀባዩ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ነጥቦች ዐይቶና ቈጥሮ፤ የጐደለ ወይም የተፋቀ ቢያገኝ አልቀበልም ይል ነበር። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተቀምጠው፤ ዕቃውን አገላብጠው፤ ዋጋውን ተከራክረው ይስማማሉ። የኬላ ጠባቂውም ቢሆን ቀረጡን የሚጠይቀው መንገደኛው ከመሻገሩ በፊት ነው። የከፈለው ነጋዴ ምን ያህል እንደ ከፈለና ስለ ምን እንደ ከፈለ ያውቃል፤ ከማዶ ያለውንም አገር በዐይኑ ያየዋል። የአያቶች ትውልድ በገበያ ጠንቃቃ፤ በጨዋታ ደግሞ ነፃ ነበረ። ሁለቱ አይቀላቀሉም ነበር።

ሁለተኛው ዘመን ከተማ የወለደው ነው። ቡና ቤትና ሻይ ቤት በየከተማው ሲበዛ ከረምቡላ መጣ፤ ለልጆችም ጆተኒ የሚባለው በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት ኳስ መጣ። ጆተኒ የሚለው ስም በማጫወቻ መኪና ውስጥ የምትከተተዋን ሳንቲም መሳይ ጠፍጣፋ ብረት የሚያመለክተውን የጣልያንኛ ቃል ይመስላል። ስሙ ራሱ የክፍያ ስም ነው ለማለት ይቻላል። ከዚህ በፊት ልጆች በብይና በቆርኪ ሲጫወቱ የጨዋታው ዕቃ የእነርሱ ነበረ። ጆተኒው ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ቆሞ ገንዘብ ይቀበላል።

በውጭ አገር ደግሞ በዚያን ጊዜ ሌላ ነገር ተፈጥሮ ነበር። በ1972 አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፖንግ የተባለውን የመኪና ጨዋታ ለገበያ አወጣ፤ ይኸውም በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ የሚመስል ጨዋታ ነው። በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን አወጣ። የነዚህ መኪናዎች ንግድ በሳንቲም ላይ የቆመ ነበረ። ሠሪዎቹም የሚደክሙበት ነገር ተጫዋቹ ቶሎ እንዲሸነፍና ሌላ ሳንቲም እንዲጥል፤ ነገር ግን ተስፋ ቈርጦ እንዳይሄድ አድርገው መጠኑን ማግኘት ነው። በ1983 ኒንቴንዶ በጃፓን፤ በ1994 መጨረሻ ደግሞ ሶኒ ፕሌስቴሽን የተባለውን የቤት ማጫወቻ ሲያወጡ ንግዱ ተለወጠ። ገዢው መኪናውንና ጨዋታውን አንድ ጊዜ ገዝቶ ከቤቱ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ቢጫወት ማንም አይጠይቀውም። በ2000 የወጣው ሁለተኛው ፕሌስቴሽን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

በአገራችን ግን ይህ የቤት ዕቃ ተመልሶ የገበያ ዕቃ ሆነ። መኪናውን ለልጁ ሊገዛ የሚችል ቤተ ሰብ ጥቂት ስለ ነበረ፤ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው አንድ ክፍል ተከራይቶ፤ ቴሌቪዥንና ፕሌስቴሽን አስገብቶ፤ አግዳሚ ወንበር ዘርግቶ በጨዋታ ቍጥር ማስከፈል ጀመረ። ፕሌስቴሽን ቤት የሚባለው ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ በክፍለ አገር ከተሞች ሁሉ ተስፋፋ። ብዙው ሰው የሚጫወተው የእግር ኳሱን ጨዋታ ፊፋን ነበር። በዚያ ቤት የነበረውም ታላቅ ሕግ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ነው።

አድማጮች ሆይ፤ ይህ ሕግ ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር በውስጡ ይዟል። የተሸነፈ የሚከፍል ከሆነ ጎበዝ ተጫዋች ቀኑን ሙሉ በነፃ ይጫወታል ማለት ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ የደኻ ልጅ በእጁ ቅልጥፍና ብቻ የባለጠጋውን ልጅ አስነሥቶ ይቀመጣል። ከዳር ቆመው ተራ የሚጠብቁት ልጆች ያያሉ፤ ይፈርዳሉ፤ ያጨበጭባሉ። የቤቱ ባለቤትም አሸናፊው ማን ይሁን ማን ገንዘቡን ያገኛል፤ ስለዚህ ለማንም አያደላም። ለሚያውቀው ልጅ በዱቤ ያጫውታል፤ ያልከፈለውንም በስሙ ያውቀዋል። በአያቶች ገበያ የነበረው ፊት ለፊት መተያየት እዚህ ገና አልጠፋም።

ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። ትምህርቱን ጥሎ፤ ደብተሩን ሸጉጦ እዚያ የሚውል ልጅ በዛ። የደብተር መግዣ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ በሽንፈት አለቀ። ወላጆች ጮኹ፤ በየከተማውም በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳያስተናግዱ የሚከለክል ትእዛዝ በየጊዜው ይሰጥ ነበር። ከንግዱም ወገን አንድ የሚነገር ነገር አለ፤ የጨዋታው ሲዲ ብዙ ጊዜ የተቀዳ ስለ ነበረ ጨዋታውን የፈጠሩት ሰዎች ከዚህ ገበያ ምንም አላገኙም። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም ይህ ልማድ ቶሎ አልቀረም። የዚያ ትውልድ ወጣት ጨዋታ በእጅ የሚያዝ፤ የሚቀዳ፤ ለጓደኛም የሚዋስ ዕቃ እንደ ሆነ አድርጎ አወቀ። ይህ እምነት ለሚቀጥለው ትውልድ አልተላለፈም፤ ምክንያቱም ዕቃው ራሱ ከእጅ ወጣ።

ሦስተኛው ዘመን የእጅ ስልክ ዘመን ነው። በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1999 ተጀመረ። በ2008 አፕል ኩባንያ የስልክ ፕሮግራሞች የሚሸጡበትን ሱቅ ከፈተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በጨዋታው ውስጥ ሁኖ መግዛት እንዲቻል ፈቀደ። ይህ ሁለተኛው ፈቃድ ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም የጨዋታን ንግድ ከሥሩ ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ነጋዴዎች በበሩ ላይ ማስከፈል ተዉ። ግባ፤ ዋጋ የለውም፤ ይላሉ። ተጫዋቹ ከገባ በኋላ ግን መንገዱ ይከብደዋል፤ ቶሎ ለማለፍ የፈለገ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ የማይከፍል ደግሞ ማስታወቂያ እንዲያይ ወይም ሰዓቱ እስኪደርስ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ከሚጫወተው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ምንም ሳይከፍል ይኖራል፤ የንግዱ ትርፍ የሚገኘው ማቆም ካቃታቸው ከጥቂቶቹ ነው።

በፊፋ ጨዋታም እንዲሁ ሆነ። በ2009 ኢኤ የሚባለው ኩባንያ ተጫዋቹ የራሱን ቡድን በካርታ የሚያቋቁምበትን አልቲሜት ቲም የተባለ ክፍል ጨመረ። ካርታዎቹ በታሸገ እሽግ ይሸጣሉ፤ ገዢው ከውስጡ ታላቅ ኳስ ተጫዋች ይውጣለት ወይም የማይረባ ይውጣለት ከመክፈሉ በፊት አያውቅም። የጠገራውን ነጥብ ቈጥሮ ይቀበል የነበረ የሞጣ ነጋዴ ተነሥቶ ይህን ቢያይ፤ ዐይኑን ሸፍኖ የሚገዛ ገዢ መጣ ብሎ ይደነቅ ነበር። ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ በባዶ ኪሱ የሚያሸንፈው ልጅም በዚህ ገበያ ቦታ የለውም። ቅልጥፍናው ቢኖረውም ባላጋራው በገንዘብ የገዛውን ቡድን ይዞ ይጠብቀዋል። የከፈለ ያሸንፋል ያልኩት ስለዚህ ነው።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። ቤልጅግ በ2018 እንዲህ ያለውን የታሸገ ሣጥን ሽያጭ ከቁማር ቈጥራ ከለከለች። በአሜሪካ በ2022 መጨረሻ የንግድ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሠራው ኤፒክ ኩባንያ፤ ተጫዋቾችን ሳያስቡት ዕቃ እንዲገዙ በሚያደርግ የመስኮት አቀማመጥ ምክንያት፤ 245 ሚሊዮን ዶላር ለገዢዎች እንዲመለስ እንዲከፍል አደረገ። ቻይና በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱበትን ጊዜ በሳምንት 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ሦስቱ መንግሥታት የተለያየ መድኃኒት ቢሰጡም በሽታው መኖሩን ሁሉም መስክረዋል።

በአገራችን በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙው ወጣት አስቸጋሪ ሁኖ ስለ ቆየ ወጣቱ ዋጋውን የሚከፍለው በሌላ መንገድ ነው። አንዱ መንገድ ማስታወቂያ በማየት ጊዜውን መስጠት ነው፤ ሌላው የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረና ገንዘብ በስልክ መላክ ከተለመደ ወዲህ ደግሞ የመክፈያው መንገድ አጠረ። በዚሁ ዘመን የስፖርት ውርርድ ቤቶች በከተሞች ተስፋፉ። ትናንት ፕሌስቴሽን ቤት ቁጭ ብሎ አርሴናልን በእጁ ያጫውት የነበረው ወጣት፤ ዛሬ በአርሴናል ላይ ገንዘብ ያስይዛል። በፊተኛው ውስጥ ሽንፈቱ የገዛ እጁ ሥራ ነበረ፤ ልምምድ አድርጎ ነገ ሊክሰው ይችላል። በኋለኛው ግን በሩቅ አገር ሜዳ ላይ የሚደረገውን ሊለውጠው አይችልም። በአያቶች ቋንቋ ይህ ጨዋታ አይባልም፤ ቁማር ይባላል።

ሆኖም ልጆቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የእጅ ስልክ ባለበት የቢቸና ልጅ ከጃፓን ልጅ ጋር ባንድ ሜዳ ይሰለፋል። በገና ሜዳ ከዳር ትቆም የነበረችው እኅቱም ዛሬ እኩል ትጫወታለች። ይህ ለአያቶች በሕልም እንኳ የማይታሰብ ነበር። ልጆቹ ያልመረጡት የንግዱን ሕግ ነው፤ ተወልደው ያገኙት እርሱን ብቻ ስለ ሆነ ሌላ ሕግ መኖሩን የሚነግራቸው ከእኛ ከቀደምናቸው በቀር ማን አለ?

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበው ነገር እደርሳለሁ። ዛሬ በገንዘብ የተገዛ ጨዋታ የገዢው ላይሆን ይችላል። በ2014 መጨረሻ ዩቢሶፍት የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዘ ክሩ የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሸጠ። ጨዋታው የሚሠራው በኩባንያው ዘንድ ካለው ዋና መኪና፤ ማለት ከሰርቨሩ ጋር በኢንተርኔት ሲገናኝ ብቻ ነበረ። በ2024 መጋቢት ወር መጨረሻ ኩባንያው ሰርቨሩን ሲዘጋ፤ ዋጋውን ሙሉ ከፍለው የገዙት ሰዎች ሁሉ የገዙት ነገር ከእጃቸው ጠፋ። ከዚህም የተነሣ ተጫዋቾች በአውሮጳ ተቃውሞ አነሡ። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ አንድ ሕግ ፈረመ፤ ሕጉ ሻጮች እንዲህ ያለውን ነገር ሲሸጡ ገዢው የሚያገኘው ዕቃውን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን ገልጠው እንዲናገሩ ያስገድዳል።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። ከዚህ የተነሣ የደረሰው ጉዳት በንግድና በትምህርት ላይ እንጂ በጨዋታ ላይ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ከጨዋታ ወገን ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ የማይሠራ ጨዋታ ሁሉ በዚያን ጊዜ ዝም አለ። የገበጣ ጕድጓድ ግን እንደ ነበረ ነው፤ በሲዲ ያለ የድሮ ፕሌስቴሽንም መብራት እስካለ ድረስ ይጫወቱበታል። ቀድሞ ልጅ የሚጫወትበት ነገር በእጁ ነበረ፤ ቀጥሎ በሰፈሩ ነጋዴ እጅ ሆነ፤ አሁን ግን ስሙን በማያውቀው፤ ቢጮኽም በማይሰማው ባለቤት እጅ ነው።

እስቲ ወደ ዓባይ ድልድይ እንመለስ። በጣልያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት የድልድዩ መካከለኛ ክፍል ፈረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከስድሳ ዓመት በላይም ሳይጠገን ቆየ። ነገር ግን የሁለቱ ዳርቻ ሰዎች መገናኘታቸውን አልተዉም። ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ጎልማሶች ገመድ ይዘረጋሉ፤ መንገደኛውም በገመዱ ታስሮ ከታች ዓባይ እየጮኸ ከአንዱ ስባሪ ወደ ሌላው ይጎተታል። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አንድ አሜሪካዊ ይህን በመጽሔት ላይ በፎቶግራፍ ዐይቶ ስለ ነካው የድልድይ ሥራ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002ም ከአገሩ ሕዝብ ጋር ሁኖ ስባሪውን አገናኘው። በ2005 ጎርፍ መልሶ ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከውኃው ከፍ ያለ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ ሁለት ጊዜ ሲሰበር መሻገሪያው ፈጽሞ ያልጠፋው ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ስለ ቈጠረውና ገመዱን በእጁ ስለ ያዘ ነው። ሰርቨሩ የተዘጋበት ተጫዋች ግን የሚዘረጋው ገመድ የለውም።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ደግሞ አለ። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ የተባለ የኢትዮጵያ ድርጅት በ2018 ኩኩሉ የሚል የስልክ ጨዋታ አወጣ፤ ታሪኩም ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ ስትሮጥ የሚያሳይ ነው። ቀጥሎም ገበጣን በስልክ ላይ አወጣ። ቅኔ የሚለውን ስም የሰማ የጎጃም ሰው ዋሸራንና ዲማን ሳያስብ አይቀርም። በዚያ ጉባኤ ተማሪው የሚመሰገነው ከመምህሩ የተማረውን መንገድ ይዞ የራሱን አዲስ ቅኔ ሲቈጥር ነው። ገበጣም ከመሬት ወደ ስልክ ሲወጣ እንዲህ መሆን ይገባዋል። ነገር ግን ከባዱ ፈተና ሥዕሉን መሣል ወይም ደንቡን በስልክ መጻፍ አይደለም። ለዘመናት ማንም ለማንም ያልከፈለበት ጨዋታ አሁን ሠሪ አለው፤ ሠሪውም እንጀራ መብላት አለበት። በየትኛው ሕግ ይከፈለው? በታሸገ ሣጥን ይሁን? በማስታወቂያ ይሁን? ወይስ እንደ ቀድሞው ነጋዴ ዋጋውን አስቀድሞ ተናግሮ፤ ገንዘቡን ተቀብሎ፤ ዕቃውን ለገዢው ፈጽሞ ያስረክብ? የአገራችን ጨዋታ ሠሪዎች ይህን የሚመርጡበት ጊዜ ገና ማለዳ ስለ ሆነ ምርጫው በእጃቸው ነው።

እኛ ወላጆችና ታላላቆች ደግሞ ጨዋታን በጅምላ ከመኰነን ይልቅ ልጆቻችንን የገበያ ጥበብ ብናስተምራቸው ይሻላል። የአያቶቻችን ነጋዴ በኬላ ፊት የሚያውቃቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው፤ ዋጋው ስንት ነው? ሁለተኛው፤ የምከፍለው ስለ ምንድር ነው? ሦስተኛው፤ ከፍዬ ከተሻገርኩ በኋላ በእጄ የሚቀረው ምንድር ነው? ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ልጅ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቆ መልስ ያገኘባቸውን ጨዋታዎች ቢጫወት አይጎዳም። መልስ የማይሰጠው ጨዋታ ግን በሩ ላይ ዋጋ የለም ቢልም እንኳ፤ ዋጋውን የደበቀ መሆኑን ይወቅ።

ገበጣ የሚያውቁ አያቶች ዛሬም በየቤታችን አሉ። ልጆቻችን ከስልኩ ገበጣ ጋር የመሬቱንም ገበጣ እንዲያውቁ፤ የቢቸናው ደንብ ከሞጣው ቢለይ እንዴት እንደሚለይ ጠይቀው እንዲጽፉ ብናደርግ፤ ማንም ሊዘጋው የማይችል ርስት እናወርሳቸዋለን።